ከሁለት ሺህ ሜትር በታች

የባሌን ነገር ለመናገር ከምግብ ጠረጴዛችን መጀመር አለብኝ። ከአምስት ወር ወዲህ ምግብ በልተንበት አናውቅም። ካርታ ተዘርግቶበታል። አንዱን ጫፍ የስኳር ዕቃው፣ አንዱን የእኔ መቀስ፣ አንዱን ሬዲዮኑ ይጫነዋል፤ አራተኛውን እሱ ራሱ በክርኑ ይዞታል። እኔ ሾርባዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እበላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ።

«ሦስተኛው ቀን ላይ ትራስ ይዘን እንሂድ ወይስ የሎጁ ትራስ ይበቃሻል?» ይለኛል።

«የፈለግከውን አድርግ።»

«የፈለግከውን አድርግ መልስ አይደለም። አንገትሽን የሚያምሽ አንቺ ነሽ።»

ባሌ መንገድ ቀያሽ ነበር። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መለኪያውን ተሸክሞ ከተራራ ተራራ ሲዞር ስለኖረ ሌላው ሰው የዘመድ ስልክ ቁጥር እንደሚይዝ እሱ የቦታ ከፍታ ይይዛል። አልጋችን ከባህር ወለል በላይ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ላይ እንደቆመ ያውቃል። ማእድ ቤታችን ከሳሎኑ በአራት ሳንቲሜትር ዝቅ እንደሚልም ያውቃል፤ ቤቱን የሠራውን ግንበኛ እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም። የእኔን ልደት ግን በየዓመቱ በሁለት ቀን ይስተዋል።

የሚያቅደው የሰባት ቀን ጉዞ ነው። ሦስት ብሔራዊ ፓርክ፣ ሁለት የመዝናኛ ከተማ፣ ሁሉም በተራራው መንገድ ላይ፣ መንገዱም እሱ የቀየሰው። ልጃችን ትነዳለች፤ እሱ ከፊት ተቀምጦ እያንዳንዱን ኩርባ ሳንደርስበት ይነግረናል። የጉዞው መጨረሻ ላይኛው በር ነው። ተራራው ተከፍሎ መንገድ የሚያሳልፍበትን ቦታ መንገድ ቀያሾቹ በር ነው የሚሉት። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ሜትር።

እኔ ደግሞ በእነዚህ አምስት ወራት የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ሰው ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከወጣ ይሞታል። እሱ ይህን አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ትራስ እንያዝ አንያዝ ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው የሚጠፋኝ ለዚህ ነው።

የልብ ሐኪሙ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ያን ዕለት ባሌን «አባቴ፣ እዚያኛው ክፍል ይግቡና ክብደትዎን ይለኩ» ብሎ አስወጣውና በሩን ገፋ አደረገው። የባሌን ጃኬት እንደታቀፍኩ ቆሜ ነበር።

«እናቴ፣ ልባቸው ደክሟል» አለኝ። «መድኃኒቱ ያቆያቸዋል። ግን ጨው ይቀነስ፣ ከባድ ዕቃ አይንኩ፣ ከፍታ ቦታ አይውጡ።»

«ከፍታ ማለት ስንት ነው?»

«ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ። አየሩ ይሳሳል፣ ልባቸው አይችለውም። ለእሳቸው እንዴት እንደምትነግሯቸው ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ተመካከሩበት።»

ከግድግዳው ወዲያ ባሌ ከነርሷ ጋር ሲከራከር ይሰማኛል። ሚዛኑ የተቀመጠበት ወለል ዘንበል ስላለ ቁጥሩን አልቀበልም እያለ ነበር።

ልጃችን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከሐኪም ቤት እሷ ጋ ሄድኩ። መደርደሪያዎቹ መሃል ቆመን የሰማሁትን ነገርኳት። ዓይኗ ውሃ ሞላና ወዲያው ጠረገችው።

«እማዬ፣ እንዳትነግሪው። አባዬ ይህን ከሰማ ቅስሙ ይሰበራል። ከበሽታው በፊት ሐሳቡ ይገድለዋል።»

«ታዲያ ኪኒኑን ምን ብዬ ልስጠው?»

«የደም ግፊት በይው። ብልቃጡ ላይ እኔው ጽፌ እለጥፍበታለሁ።»

እሺ አልኩ። የዚህ ሁሉ ጣጣ መጀመሪያ ያቺ እሺ ናት። በእኛ ቤት ደግሞ ያለ ነገር ነው፤ ታማሚው በሽታውን የሚሰማው ከሁሉም በኋላ ነው። አማቴን ጨጓራ ነው እያልን ነው የቀበርናቸው። ያኔ ዋሽተን ያስታመምነው እኔና ባሌ ነበርን፤ ጎበዝ ዋሾ ነበር።

ባሌ ግፊት ብቻ ነው ሲባል ደስ አለው። ማታውኑ እራት ላይ «የተራራ አየርን የመሰለ የግፊት መድኃኒት የለም» አለና ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ካርታውን አወረደ። እንግዲህ እዩት። ውሸቱን ባንነግረው ጉዞውም ባልመጣ ነበር።

ተራራ ስል ደግሞ ያለኝን ስሜት አልደብቅም። ልጃችን ስትወለድ ተራራ ላይ ነበር። የመጀመሪያ ጥርሷ ሲወልቅ ተራራ ላይ ነበር። አባቴን ስቀብር የላክሁት መልእክት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው የደረሰው። በሦስት ወር አንዴ ጺሙ አድጎ፣ አቧራ ለብሶ ይመጣል፤ ሁለት ቀን ይተኛል፣ ያልተበላሸ ነገር ፈታትቶ ይጠግናል፣ ይሄዳል። በር ላይ ቆሞ «አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ፣ ስታይው ይገባሻል» ይለኛል። እኔ ግን ስለ ተራራ ሲወራ ስለ ጣውንቴ የሚወራ ይመስለኝ ነበር።

ልጄን ያሳደግኩት በስፌት ማሽን ነው። ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ከፍ የምትል ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ቀሚስ አጠብባለሁ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ከጥግ በመጋረጃ የተከለለች ልብስ መለኪያ ቦታ አለች፤ ወፈር ያለ ሰው ከገባባት ክርኑ ወደ ውጭ ይወጣል። ባሌ መሬት ሲለካ እኔ ሰው እለካለሁ። አሁን ሁለታችንም ልናርፍ ይገባን ነበር።

ማረፍ የለም። ለአምስት ወር ሥራዬ እሱ ወደ ላይ የወሰደውን ጉዞ ወደ ታች መጎተት ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን የሐይቁ ከተማ ነው፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ፤ ጥሩ። ሁለተኛው ቀን ከሐይቁ አጠገብ ያለው ፓርክ፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ፤ እሱም ጥሩ። ከዚያ የፍል ውሃው ከተማ፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና፤ ትንፋሼን ያዝ ባደርግም ያስኬዳል። የሁለተኛው ፓርክ መግቢያ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ነው። ከመግቢያው ወዲያ ግን መንገዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ እኔም እዚያች መግቢያ ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ አላልፍም አልኩ።

«ፍል ውሃው ከተማ አራት ቀን እንቀመጥ» አልኩት። «ጉልበቴን ያሽለኝ ይሆናል።»

«ለጉልበትሽ አንድ ቀን ይበቃዋል። ሁለት ጉልበት እንጂ አራት የለሽም።»

ልጃችን የላይኛው ሎጅ ሞልቷል አለችው። እሱ ሌላ ማረፊያ ያውቃል፤ ባለቤቱ ድሮ የመንገድ ሥራው ምግብ አብሳይ ነበር። መኪናዬ ፍሬኗ አያስተማምንም አለችው። በማግሥቱ መኪናዋን ራሱ ጋራዥ ወስዶ፣ መካኒኩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አስፈትሾ መለሳት። እኔ ዳገት ያዞረኛል አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ኩርባ ሲበዛ የሚደረገውን አውቃለሁ፣ ከፊት አስቀምጥሻለሁ አለኝ። ከፊት መቀመጥ ለእሱ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ይህን ሲል ልቤ ቅልጥ አለ።

አንድ ቀን ደግሞ በብብቱ ጥቅል ጨርቅ ይዞ መጣ። ወፍራም፣ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ።

«ላይኛው በር ጧት ጧት ብርዱ አጥንት ይሰብራል» አለ። «ካፖርት ስፊበት። ለእኔ አይደለም፣ ላንቺ።»

እኔ ምን ልበል? ቆረጥኩ። እንዳንደርስበት ሌት ተቀን ለምለፋበት ቦታ ካፖርት መስፋት ጀመርኩ። ገበሩን ሁለት ጊዜ ሰፍቼ ሁለት ጊዜ ፈታሁት፤ እጄ እምቢ አለኝ። የእሱንም ሱሪ ላሰፋለት ወገቡን ስለካው ሜትሩ ካለፈው ዓመት ሰባት ሳንቲሜትር ጨምሮ አገኘሁት። አልወፈረም፣ አብጦ ነው። ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጎድጓዳ መስመር ይተዋል። እሱ «ጡረታ ተስማማኝ» ብሎ ሆዱን መታ መታ ያደርጋል። ሜትሩን ጠቅልዬ ወደ ጓሮ ወጣሁና ልብስ የማሰጣ መስዬ አለቀስኩ።

ልንነሳ ዘጠኝ ቀን ሲቀር ምክንያት አለቀብኝ። ምሳ ላይ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እንዲህ አልኩ፤

«አንዷ ደንበኛዬ ባሏ የጭነት መኪና ይነዳል። ወደ ላይኛው በር የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል አለችኝ። ተራራው ተንዶ።»

«የት ጋ?» አለ፣ ከካርታው ቀና ሳይል።

ደህና ዋሾ ቢሆን እዚህ ላይ አላውቅም ይላል። እኔ ግን ቁጥር የሌለውን ነገር ነገር ብሎ ከማይቆጥር ሰው ጋር ነው ያረጀሁት። ቁጥር ካልሰጠሁት አያምነኝም ብዬ ቁጥር ሰጠሁት።

«አርባ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ።»

«አርባ ሰባት» አለ።

«አርባ ሰባት» አልኩ።

እርሳሱን አስቀመጠ። ይከራከረኛል ስል ሾርባውን ጨርሶ ተነስቶ ወጣ። ባሌ ሲከራከር አልፈራውም፤ ዝም ሲል ግን እፈራዋለሁ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ማሽኔ ላይ ክር ሲበጠስብኝ ዋለ።

በማግሥቱ አራት ሰዓት ገደማ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። አንዲት መምህርት ለልጇ ምርቃት የምትለብሰውን ቀሚስ አጥብቤላት በስፒል ያያዝኩትን እንድትሞክረው መጋረጃው ጀርባ አስገብቻታለሁ። ቀና ስል ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። ሱቄ በሥራ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። ሦስቷን ደረጃ ወጥቶ የበሩን መቃን ይዞ ይተነፍሳል። ትንፋሹን ቆጠርኩ። ይህም ሥራዬ ከሆነ ቆየ።

«አርባ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው» አለ።

የያዝኩትን ስፒል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«የሣር ሜዳ ነው። አራት ወር ድንኳን ተክዬ ኖሬበታለሁ። እዚያ ላይ የሚናድ ተራራ የለም፤ ቅርቡ ተራራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ዘንጉ ጋ ደወልኩ፤ ለገበያ ወደ ከተማ ወርዶ አገኘሁት። ትናንት በዚያው አልፏል፤ መንገድ የዘጋችበት አንዲት ላም ብቻ ናት።»

ዘንጉ የሚሉት የመለኪያውን ዘንግ ሲይዝለት የኖረ ሠራተኛው ነው፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ስሙ በዚያው ቀረ። አሁን ላይኛው በር አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል።

«ለምን ዋሸሽኝ አልልሽም፣ አውቀዋለሁ» አለ ባሌ። ድምፁ አልጮኸም። «ሠላሳ አንድ ዓመት ጥለኸኝ ከርመህ አሁን ነይ ላዝናናሽ ትለኛለህ ብለሽ ነው። እውነትሽን ነው። ግን ፊት ለፊት ንገሪኝ። ከአንተ ጋር የትም አልሄድም በይኝ። ተራራ አትናጂብኝ።»

ክው አልኩ። አምስት ወር ሙሉ ስዋሽ ይጠራጠረኛል፣ ይቆጣኛል ብዬ ነበር እንጂ ጠላችኝ ብሎ ያዝናል ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም። ፊቱ የማላውቀው ሆነብኝ። ትልቅ ሰው ሆዱ ሲባባ ማየት እንዴት ከባድ ነው።

«ልብህ ነው» አልኩት።

«ልቤ ምን ሆነ?»

«ግፊት አይደለም። ልብህ ደክሟል። ሐኪሙ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ እንዳይወጣ አለ። ከወጣ አይመለስም አለ። እንዲህ ነው የተባልኩት።»

የበሩን መቃን ለቀቀ።

«ከየት ተነስቶ?» አለ።

«ምኑ?»

«ሁለት ሺው። ከባህር ወለል ነው ወይስ ከምንኖርበት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሁለት ሺህ አለ።»

«አልጠየቅሽም» አለ፣ እንደዚያ እንደ ግንበኛው ሊቆጣኝ አስቦ። ከዚያ ነገሩ ገባው። ያልተተኮሰ ልብስ የተከመረበት ወንበር ላይ ልብሱን ሳያነሳ ተቀመጠ። እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ እጁን አየው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አምስት ወር ሆነኝ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ልጅህ። ሐኪሙ።»

«እኔ ትራስ ስጠይቅሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ካፖርት ስፊ ስልሽ ነበር። አንቺም ትሰፊ ነበር።» አሁን ድምፁ ከፍ አለ። «የገዛ ልቤን ወሬ ሰፈር ሰምቶት እኔ መጨረሻ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ቁጥር ደብቄሽ አውቃለሁ?»

«መቼ ቤት ኖረህ ነው የምትደብቀኝ?» አልኩት፤ ከአፌ ወጣ። አንዴ ከወጣ ደግሞ አልመለስ አለ። «ደክሞኛል፣ ሰውዬ። መዋሸት ደክሞኛል። ተኝተህ ትንፋሽህን መቁጠር ደክሞኛል። ተራራህን አልፈልገውም። ሠላሳ አንድ ዓመት አንተን በላብኝ፣ አሁን የተረፈኝን ሊወስድ ነው። እኔ የምፈልገው ቤት ተቀምጠህ ስለ ማእድ ቤቱ ወለል እንድትነዘንዘኝ ነው። ሌላ አልፈልግም።»

ከመጋረጃው ጀርባ ትንሽ ሳል ተሰማ። መምህርቷን ረስቻታለሁ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ቀሚሱን ከነስፒሉ እንደለበሰች ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «እትዬ፣ ነገ እመለሳለሁ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ስፒሉ እየወጋት ደረጃውን ወረደች። ባሌ ለማሳለፍ እግሩን ሰበሰበላት። ከዚያም ተነስቶ ወጣ።

ሦስት ቀን አላነጋገረኝም። ካርታው ተጠቀለለ፣ ምግብ ጠረጴዛ ላይ በላን፤ ሳህኑና ማንኪያው ብቻ ነበር የሚናገረው። ልጃችን መጥታ እግሩ ሥር ስትቀመጥ «አንቺ መድኃኒት ታውቂያለሽ ወይስ ወረቀት መለጠፍ ነው ሙያሽ?» አላት። አለቀሰች። ራሷን ዳበሳት እንጂ ቃሉን አላነሳውም። በማግሥቱ ለሐኪሙ ራሱ ደወለ። ኮሪደር ላይ ቆሞ ሲያወራ ሰማሁት። «ከባህር ወለል ነው? እሺ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባስ? ሁለት ሌሊት ባድርስ? እሺ፣ ልጄ። አመሰግናለሁ።»

በአራተኛው ቀን ጧት፣ ወደ ሱቅ ልወጣ ስል ከሳሎን ጠራኝ። ካርታው ተመልሶ ተዘርግቷል። ላጲስ ይዟል። ከሁለተኛው ፓርክ መግቢያ ወደ ላይ ያለውን የራሱን መስመር አጥፍቶታል፤ ወረቀቱ ሻክሯል።

«እስከዚህ እሄዳለሁ» አለና ጣቱን መግቢያው ላይ አደረገ። «ከመግቢያው አጠገብ ሎጅ አለ፣ በረንዳ አለው። እኔ እዚያ እቀመጣለሁ። አንቺና ልጅሽ ላይኛው በር ወጥታችሁ አንድ ሌሊት አድራችሁ ትመለሳላችሁ። ዘንጉ ይቀበላችኋል።»

«እኔ አንተን ጥዬ ተራራ ላይ ምን እሠራለሁ?»

«ታይዋለሽ።»

«አልፈልግም አልኩህ እኮ።»

«ሰምቻለሁ።» ላጲሱን በጣቶቹ መሃል አሸው። የላጲሱ ፍርፋሪ ካርታው ላይ ወደቀ፤ ጠረገው። «እኔም ሦስት ቀን አሰብኩበት። ሐኪሙ ስንት እንደቀረኝ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ግን አንድ ነገር አለ። ያን መንገድ ካላየሽው እኔ ላንቺ ሠላሳ አንድ ዓመት ቤት ያልነበርኩ ሰው ብቻ ነኝ። ሌላ ምንም አይደለሁም። ሄደሽ እይልኝ። ካየሽው በኋላ ብትረግሚኝም ግድ የለም፣ አይተሽ እርገሚኝ።»

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግኩ ቆምኩ። ምንም ብደክም፣ ይህን እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም።

«ትራስ ይዤ ነው የምሄደው» አልኩት።

ጻፈው።

ሄድን። ሐይቁ ሐይቅ ነው፤ ጀልባዎች፣ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች። ፍል ውሃው ከተማ ጉልበቴን አላሻለውም፣ ግን ሁለታችንም እግራችንን ውሃው ውስጥ ነክረን አንድ ከሰዓት ሙሉ ሳንነጋገር ተቀመጥን፤ ደስ አለኝ። ባሌ እኔ በተውኩለት የፊት ወንበር ላይ ሆኖ ኩርባ ሁሉ ሲቆጥርልን፣ ልጃችን «እሺ አባዬ፣ አየሁት አባዬ» ስትል አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ደረስን። ሻንጣውን አወረድንለት። ኪኒኖቹን በየሰዓቱ ከፍዬ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። በረንዳው ላይ ወንበሩን ተራራው ወደሚታይበት አዞረው፤ ካፖርቴን ቆልፎልኝ፣ ላይኛውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሞክሮ፣ በሉ ሂዱ አለን።

ከዚያ በኋላ የሚነግረን ሰው ስለሌለ ኩርባዎቹ በድንገት ነበር የሚመጡብን። ገደሉን ላለማየት ልጄ እጅ ላይ አፈጠጥኩ። የስልኩ ኔትወርክ ከአሥረኛው ኩርባ ጀምሮ ጠፋ። አርባ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር እውነትም ሜዳ ነው፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። እዚያ ላይ ተራራ መናዴ አሳፈረኝ።

ዘንጉ ላይኛው በር ቆሞ ይጠብቀናል። ረጅም ነው፣ ጎንበስ ብሏል።

«እትዬ፣ በመጨረሻ መጡ» አለኝ። «ጋሼ በየኩርባው ይሄን ሚስቴ ማየት አለባት ሲሉ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ሳናውቅዎ ሰልችተውን ነበር።»

ወደ ዳሩ ወሰደኝ። ወደ ታች አየሁ። የመጣንበት መንገድ በሙሉ ይታያል። ከአንዱ ተራራ ጎን ወደ ሌላው እየዞረ፣ አንድም ቦታ ሳይሰበር፣ ሜዳው ድረስ ይወርዳል። አውቶቡስ እየወጣበት ነበር። ከኋላው የጭነት መኪና፣ ከእሱ ኋላ ሞተር ሳይክል። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ከዚህ መንደር ወደ ሐኪም ቤት በቃሬዛ ሦስት ቀን ይወስድ እንደነበር፣ ዘንጉ የራሱን እናት በግማሽ መንገድ ላይ እንዳጣ ነገረኝ። ባሌ ይህን ነግሮኝ አያውቅም። ወይም ነግሮኝ እኔ አልሰማሁትም ይሆናል፤ ተቀይሜ ስለነበር ብዙ ነገር አልሰማም ነበር።

ቆንጆ ነው። ቆንጆ መሆኑ አናደደኝ። አስቀያሚ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ልጄ ትከሻዬን ይዛ ቆመች፣ ሁለታችንም አለቀስን፤ ዘንጉ ጨዋ ሰው ነው፣ ወደ ላሞቹ ሄደ።

አደርን። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እሱ እዚያ ታች ይተንፍስ አይተንፍስ ለማወቅ ምንም መንገድ አልነበረኝም። ጧት ቁርስም ሳንቀምስ ወረድን።

ስንደርስ ቀን ስድስት ሰዓት ሆኗል። በረንዳው ላይ የለም። ወንበሩ ባዶ ነው። ከዚያ አየሁት፤ የፓርኩ መግቢያ ብረት አጠገብ፣ መንገዱ ዳር ቆሟል። ጥበቃው ከጧት አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያው እንደቆመ፣ ተቀመጥ ቢለው እምቢ እንዳለ ነገረን። ፊቱ አመድ መስሏል። ጺሙን አልተላጨም። ከመኪናው ስወርድ ስለ መንገዱ ይጠይቀኛል ብዬ፣ ቆንጆ ነው ልለው ተዘጋጅቼ ነበር።

አልጠየቀኝም። ካፖርቴን በሁለት እጁ ያዘ።

«ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሲመጣ እነሳ ነበር» አለ። «አንድ ሌሊት ነው እኮ። አንድ ሌሊት። አንቺ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልሽው?»

በሕይወቴ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። እናቴም አልጠየቀችኝ፣ ልጄም አልጠየቀችኝ። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም፤ ማሽኔን እየረገጥኩ ነው ያሳለፍኩት።

«አልቻልኩትም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ቦርሳዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ ከባድ ስለነበር አልሰጠሁትም። ክንዱን ያዝኩትና ቀስ እያልን ወደ በረንዳው ሄድን።